የዳገት ላይ ሽምግልና

የትኛውም ከተማ መብራት ቢጠፋበት ያድራል፣ ውሃ ቢቋረጥበት ይሰነብታል፤ «ተነስ፣ እንሂድ» የሚል ሰው የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አላየሁም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ከሩቅ ብቅ ሲል ሳታስቡት ሆዳችሁን ወደ ውስጥ ትስባላችሁ። እንደ ሰው «እንዴት አደርክ» አይልም፤ «ዛሬስ ወጣህ?» ነው የሚለው። አልወጣሁም ካላችሁት አለቀላችሁ። ወጣሁ ካላችሁትም «ነገስ?» ይላል።

በወላይታ ሶዶ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ሀጂ አብዱልመጂድ ናቸው፦ የስኳርና የዱቄት ጅምላ ነጋዴ፣ የወንበር ባላጋራ፣ የዳሞታ ተራራ መንገድ የዕድሜ ልክ አስተዳዳሪ። አባታቸው ከስልጤ አገር በንግድ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ሀጂ ከገጠር ደንበኞቻቸው ጋር በወላይትኛ ይከራከራሉ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይቀልዳሉ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሲቲ ጋር ሲጨቃጨቁ ብቻ ወደ ስልጢኛ ይሻገራሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የቀራቸው ጥቂት ነው። ከኋላ ለሚያያቸው ግን ገና ሚስት የሚፈልግ ጎረምሳ ይመስላሉ።

ሱቃቸው ውስጥ ወንበር የለም። ድሮ አንድ ነበረ፤ «ይህ ዕቃ ሰው ይገድላል» ብለው ለጎረቤት ሰጡት። ከገሱባ ወይም ከበሌ የመጣ ቸርቻሪ ዋጋ ሊከራከር ሲገባ ሀጂ ሱቁን ለልጃቸው ትተው፣ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሸራ ጫማቸውን ያጠልቁና «እየሄድን እንነጋገር» ይላሉ። ሜዳው ላይ ንቅንቅ አይሉም። ዳገቱ ሲጀመር ትንሽ ይለሳለሳሉ። ደህና ቅናሽ የሚገኘው ግን ከላይ ነው። እስከዚያ ትንፋሹ የበቃለት ቸርቻሪ በርካሽ ይገዛል፤ መሃል መንገድ ላይ ጉልበቱን ይዞ የቆመው ደግሞ በተባለው ዋጋ ከፍሎ ይመለሳል። የገሱባ ነጋዴዎች ሶዶ ከመምጣታቸው በፊት አገራቸው ላይ ልምምድ እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁ፤ አምኛለሁም።

መሮጥ ግን አይሆንላቸውም። በየማለዳው ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ሽው ብለው የሚያልፏቸውን ወጣቶች እያዩ «ሩጫ ለሌባና ለፖሊስ ነው፤ ሰው ይሄዳል» ይላሉ። በአዲስ ዓመት ሰሞን ያለፏቸው ወጣቶች ጥቅምት ሳያልቅ ከመንገዱ ይጠፋሉ። ሀጂ በዚያው እርምጃቸው መምጣታቸውን አያቆሙም። ቀዩ ጭቃ ጫማ በሚነጥቅበት ክረምት ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ፤ በረመዳን ማፍጠሪያው ሲቃረብ ዝግ ብለው ይሄዳሉ፤ በዒድ ቀን ዘመድ አዝማዱን ሁሉ በእግራቸው ዞረው ይጠይቃሉ። የከተማው ባጃጆች ላይ አንድ ቀን እንኳን በፈቃዳቸው ተሳፍረው አያውቁም። ሹፌሮቹ ጥሩምባ ሲነፉላቸው እጃቸውን አንስተው ይመርቋቸዋል።

ለቅሶ ቤት እንኳን አያርፉም። እንደምታውቁት የእኛ ሰው ድንኳን ከገባ አግዳሚው ላይ ሥር ይሰዳል፤ ካርታ ይመጣል፣ ንፍሮ ይመጣል፣ ቀኑ ይመሻል። ሀጂ አንድ ጊዜ መሃል ድንኳኑ ላይ ቆሙና «ወገኖቼ፣ ለሟች ማዘን አንድ ነገር ነው፤ ሟችን መከተል ሌላ ነገር ነው። ተነሱ!» አሉ። ወንዱን ሁሉ አስነስተው ወደ ወንዙ ይዘውት ወረዱ። የሟች ቤተሰብ ምግብ አቀርባለሁ ብሎ ሲወጣ ድንኳኑ ባዶ ነበር። ዘመድ ተቀይሞ ሄደ ብለው እንደ አዲስ አለቀሱ።

«ለምን በየቀኑ? አንድ ቀን ቢያርፉ ምን አለበት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የዚያን ሰሞን ውድ ጫማ ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ሥር ስለከተትኩት ጥያቄዬ የራሴ ጉዳይ ነበረው።

«መምህር፣ ትናንት የበላኸው ዛሬ ያጠግብሃል?»

«አያጠግበኝም።»

«እግርም እንዲሁ ነው» አሉና ትተውኝ ሄዱ።

እቀልዳለሁ እንጂ ይህን ሰው አደንቃቸዋለሁ። አብረዋቸው ንግድ ከጀመሩት ውስጥ አንዱን ደም ግፊት አጋድሞታል፣ አንዱ ደረጃ መውጣት ትቶ ሱቁን ምድር ቤት አድርጓል፣ አንዱ ልቡን ይዞ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ሀጂ ዛሬም ኩንታል ሲራገፍ ትከሻ ያቀብላሉ። እንቅልፋቸው ደህና ነው። ንዴታቸው አጭር ነው። መድኃኒት ደግሞ አይንቁም፤ ሐኪም ያዘዘውን ቸል የሚል ሰው ካዩ «ኪኒኑንም ዋጥ፣ መንገዱንም ሂድ» ብለው ይቆጣሉ። ምን ምስጢር አላቸው ብላችሁ ብትመረምሩ አለማቋረጥ ብቻ ነው የምታገኙት። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ስለሆነ ነው እኛ ምስጢር የምንፈልገው።

አሁን ወደ ወንበሩ ልመለስ። የተሰጠው ለሀብተየስ ነበር።

ሀብተየስ ከሀጂ ፊት ለፊት ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። የእሱም አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ ክርስቲያን ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ሲነግዱ ሀብተየስና ሀጂ አብረው አድገዋል፤ ሀጂ ጥቂት ዓመት ይበልጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሻይ የሚጠጡት ሁልጊዜ አብረው ነው፤ አንዱ ቆመው፣ አንዱ በዚያ ወንበር ላይ ተደላድሎ። ወንበሩ ሲሰጠው ባዶ እንጨት ነበር። ሀብተየስ ስፖንጅ አስደረገበት፣ ቀጥሎ መደገፊያ አሠራለት፣ ቀጥሎ ከላዩ ላይ መነሳት ተወ።

ሀብተየስ ስኳር አለበት። ካቻምና የእግር ጣቱ ላይ ቁስል ወጥቶ ዱቦ ሆስፒታል ተመላልሶ በስንት መከራ ዳነለት። ቁስሉ ተዘግቶ ሲያሰናብተው ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረው፦ መድኃኒትህን አታቋርጥ፣ እግርህን በየቀኑ እይ፣ ደህና ሽፍን ጫማ አድርግና በየቀኑ ተራመድ፤ አለዚያ በሚቀጥለው የምንነጋገረው ስለ ቁስሉ ሳይሆን ስለ እግርህ ነው። ሀብተየስ ማለ፣ ተገዘተ። ሦስት ቀን ሄደ። ከዚያ «ጾሙ ይፈታ» አለ። ጾሙ ሲፈታ «ክረምቱ ይውጣ» አለ። ክረምቱ ሲወጣ «ጊፋታ ይለፍ» አለ፤ የወላይታን አዲስ ዓመት ጊፋታን ደግሞ ከጥሬ ሥጋና ከዳጣ ፊት ሳይነሳ አሳለፈው። ሀጂ ጠዋት ጠዋት በሩን ቢያንኳኩ ተኝቷል ያስብላል። ሚስቱ ዘመነች አንድ ቀን ወደ ሀጂ ሱቅ ገብታ «ወንድሜ ሀጂ፣ እኔ የምለው አልሰማ ብሎኛል። እግሩን ሊቆርጡብኝ ነው» ብላ አለቀሰች።

ሀጂ «ያን ወንበር የሰጠሁበት እጄ በተቆረጠ» ብቻ አሉ።

በማግስቱ ለሻይ ወደ ሀብተየስ ሱቅ ገቡ። ሀብተየስ እንደ ልማዱ መቀመጫውን ትንሽ ከፍ አድርጎ «ኖር!» አለና መልሶ ተደላደለ። ስንት ዘመን እንዲህ ሲቀበላቸው ምንም ብለው አያውቁም። በዚያ ቀን ግን በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ለታላቅህ ተቀምጠህ ነው ኖር የምትለው?»

«መጂድ፣ ምን ነካህ? ተነሳሁ እኮ!»

«ሱሪህ ተነሳ፤ አንተ አልተነሳህም። ንቀኸኛል።»

ይህን ብለው ገበያው ሁሉ እየሰማ ሻያቸውን ሳይጠጡ ወጡ። ለታላቅ ተነስቶ ኖር ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተቀምጦ ማለቱን ሁሉም ያደርገዋል፣ በአደባባይ ሲጠየቅበት ግን ማንም ሊከላከልለት አይችልም። ሀብተየስ ሲመሽ እኔንና አንጁሎን አስጠራን። አንጁሎ የበሌ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ ወጥቷል፣ እግሩንም ከፍሬንና ከነዳጅ በቀር ለሌላ ሥራ ተጠቅሞበት አያውቅም። «አስታርቁኝ። ያለ እሱ ሻይ አይወርድልኝም» አለን ሀብተየስ።

በወጉ በዳዩ ሽማግሌ ይዞ የተበዳዩን ደጅ ይጠናል። ጠዋት ሦስታችን በባጃጅ ሄድን። ወይዘሮ ሲቲ በሩ ላይ ተቀብላን «ሀጂ አሁን ወጡ፤ በዳሞታ በኩል ናቸው» አለችን። በዚያው ባጃጅ ተከተልናቸውና ዳገቱ ሥር ደረስንባቸው። ሀጂ ባጃጁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እርቅ በባጃጅ ነው የሚመጣው? ድሮ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር ይቅርታ የሚለው። ሀብቴ፣ ድንጋዩን ትቼልሃለሁ፤ እግርህን ግን አልተውልህም።»

ወረድን። ባጃጁ ሄደ። አንጁሎ «ሀጂ፣ ቆም በሉና ነገሩን እንነጋገር» ብሎ ቢለምን «እኔ ነገር የሚገባኝ ስሄድ ነው» ብለው ቀጠሉ። ሀብተየስ ቀስ እያለ፣ አጥር እየደገፈ፣ እኛም በሁለት በኩል አጅበነው ወጣን። ከላይ ስንደርስ ይቅርታ ለማለት የቀረ ትንፋሽ አልነበረውም። ሀጂ ጠበቁት፤ ጠበቁትና «ልቤ ገና አልበረደም። ነገ ኑ» አሉ።

በማግስቱም ሄድን። ልባቸው አልበረደም። በሦስተኛው ቀን የይቅርታው ቃል አጠረባቸው። ሌላ ቀን ቃሉ በቃ፣ የድምፁ አወጣጥ አልጣማቸውም። ዓርብ «በጁምዓ ቀን ነገር አልሰማም» አሉ፤ መንገዱን ግን ሄዱ፣ እኛም ተከተልን። አንጁሎ በየዳገቱ መሃል ይቆምና በወላይትኛ ከራሱ ጋር ይነጋገራል፤ እኔን ሲያይ ወደ አማርኛ ይመለሳል።

«መምህሬ፣ እኔ ሽማግሌ ነው የተባልኩት እንጂ ፍየል አይደለሁም። ይሄ ተራራ እኮ ትገድለኛለች!»

«እንተወዋ!»

«ሽማግሌ የጀመረውን እርቅ ጥሎ ይሄዳል? ነውር አይደለችም?»

እንግዲህ ወጉ አሰረን። እኛ ብንተው ነውር ነው፤ ሀብተየስ ቢቀር ናቀ ይባላል። ሥጋ ቤቶች ሳይቀሩ ነገሩን ሰምተው ጠዋት ስናልፍ «ዛሬም አልታረቁም?» እያሉ ይስቁብናል። ታኅሣሥ አለፈ፣ የበልግ ዝናብ ጀመረ፣ ሀጂ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ እኛ ረጠብን። በዚህ መሃል አንድ ነገር አየሁ። አጥር ይደገፍ የነበረው ሀብተየስ አጥሩን ትቷል። ይቅርታ ለማለት ትንፋሽ ያጣ የነበረው ሰው ዳገቱን እየወጣ ሀጂን ከሥር እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ ይሳደባል። ስድቡም ቀን በቀን እየረዘመ ሄደ። እኔም ሳላስበው ያንን ጫማ ከአልጋ ሥር አውጥቼዋለሁ።

አንድ ጠዋት ከሌሎቹ ቀድሜ ሀጂ በር ደረስኩ። ወይዘሮ ሲቲ ብቻዬን ስታየኝ ደነገጠች።

«ሀብቴስ? አመመው?»

«እየመጣ ነው፤ እኔ ቀድሜ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። መምህር፣ እባክህ አታርፍዱ። ሀጂ እስክትመጡ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ ይቆማሉ። ‹ሀብቴ መጣ? እያነከሰ ነው ወይስ ደህና ይራመዳል?› ይሉኛል። ካያችሁ በኋላ ነው በጓሮ በር ወጥተው የሚቀድሟችሁ። ሻይ ከተዉም ከረሙ፤ ብቻዬን አልጠጣም አሉ። ‹ታዲያ ለምን አትታረቁትም?› ብላቸው ‹ብታረቀው ይቀመጣል› አሉኝ። አለቀሱ፣ መምህር። ሀጂ ሲያለቅሱ ያየሁት እናታቸው የሞቱ ቀን ብቻ ነበር።»

ያን ሁሉ ዝናብ አስቤ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴን ረሳሁት። የልብ ወዳጁን ናፍቆ ወዳጁ እንዲድን ብሎ የሚጣላ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። የሰማሁትን ለሀብተየስ አልነገርኩትም። ጓሮ በር በኩል የሸራ ጫማ ድምፅ ስሰማ ፊቴን አዙሬ አጥሩን የማይ መሰልኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሀብተየስ ዱቦ ለምርመራ ሄደ። ከመሄዱ በፊት በነበሩት ቀናት ሀጂ መንገድ ላይ ዘወር እያሉ እግሩን እያዩ ነበር የሚሄዱት። ከሰዓት በኋላ ዘመነች እልል እያለች መንገዱን ተሻግራ ወደ ሀጂ ሱቅ ገባች። ስኳሩ ልኩን ይዟል፣ እግሩ ንጹህ ነው፣ ሐኪሙም «የምትሠራውን ሁሉ እንዳታቋርጥ» ብሎ ጨብጦ ሸኝቶታል። ሀጂ ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ገብተው ትንሽ ቆዩ። ሲወጡ ለእኔና ለአንጁሎ ላኩብን፦ ልባቸው በርዷል፣ እሑድ እሳቸው ቤት እንታረቅ።

እሑድ ተሰበሰብን። ሥጋው እንዳያለያየን ወይዘሮ ሲቲ የአባያ ዓሣ አዘጋጅታ ነበር። አንጁሎ መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ መረቀ። ሀጂ ተነሱና «ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ። ንቀኸኝ እንዳልሆነም አውቃለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ፊታቸውን አየሁት። ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም። የፈሩትን እኔም ፈርቼው ነበር፤ ሲቲም፣ ዘመነችም። ከነገ ጀምሮ ሀብተየስን ወደዚያ ዳገት የሚያወጣው ምንም ነገር የለም። ጾም ይመጣል፣ ክረምት ይመጣል፣ ጊፋታ ይመጣል።

«ሀብተየስ፣ አንተስ? ይቅር በልና እንብላ፤ ዓሣው ልትቀዘቅዝ ነው» አለ አንጁሎ።

ሀብተየስ ብድግ አለ። ከሁላችን ፈጥኖ ነበር የተነሳው።

«እኔ አልታረቅም።»

ዘመነች «አንተ ሰውዬ!» ብላ አፏን ያዘች።

«አልታረቅም አልኩ እኮ! መጂድ፣ በአጥር ቀዳዳ ስታየኝ የማላይህ መሰለህ? ያቺን ነጭ ኮፍያህን ከመንገዱ ማዶ ነው የማያት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቄሃለሁ። አውቄም መጣሁ። ለራሴ ብዬ ብሆን በሦስተኛው ቀን እተወው ነበር፤ ታውቀኛለህ። ሰው እየጠበቀኝ ግን መቅረት አልቻልኩም።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቆጣ አለ። «ስለዚህ እኔም ተቀይሜሃለሁ። ዝናብ አስመታኸኝ፣ አገር አሳቅህብኝ፣ ሻይዬን ከለከልከኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ዓሣ ልረሳልህ ነው? ልቤ አልበረደም። ሽማግሌ ይዘህ ነገ ጠዋት ና። ቤት ግን አታገኘኝም፤ ቀድሜህ ወጥቻለሁ።»

ሀጂ ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይስቁ ይሁን ያልቅሱ ማናችንም አልለየንም። ሲቲ ዓሣውን እያቀረበች «ካልታረቃችሁም ብሉ» አለች። አንጁሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «ይሄ ነገር እንደገና ጀመረች?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ባላንጣዎች ከአንድ ትሪ እየተጎራረሱ በሉ፤ ሻይም አብረው ጠጡ፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልታረቁም። በየማለዳው ከሀጂ ጎን ሆኜ ሀብተየስን ፍለጋ ዳገቱን እወጣለሁ፤ አንጁሎ ከኋላችን እያጉረመረመ ይከተላል፣ ሀብተየስ ከላይ ሆኖ ገና እንዳልበረደለት ይጮህልናል። የሽማግሌ ወግ አስታርቆ መመረቅ ነው። እኔ ግን ከዳገቱ ጫፍ ላይ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሲነታረኩ ባየሁ ቁጥር በልቤ የምመርቃቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ ፈጣሪ ለሁለቱም ዕድሜ ይስጣቸው፤ እርቁን ግን ያዘግይላቸው።